የግል ፓርኪንግ ቲኬት፦ 60 ፓውንድ ከፍሎ መገላገል ወይስ መከራከር?

መነሻው ይህ ነው። በእንግሊዝ የገበያ ቦታ ፓርኪንግ የሚያስተዳድሩ የግል ኩባንያዎች እስከ 100 ፓውንድ ይጠይቃሉ፤ በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ 60 ይሆናል። የካውንስል ቲኬት እዚህ አይገባም፣ እሱ ሌላ ሕግ አለው።

ከሊድስ፦ ይከፈል። «የግል ኩባንያ መቅጣት አይችልም» የሚለው ወሬ እ.ኤ.አ. በ2015 አክትሟል። ቼልምስፎርድ ውስጥ ከተፈቀደው 2 ሰዓት በላይ 56 ደቂቃ የቆየ ሰው 85 ፓውንድ እንዲከፍል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል።

ከለንደን፦ ወንድሜ፣ እዚያ እኮ የፓርኪንግ ደንቡ የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ትልልቅና ግልጽ ነበሩ። ሰሌዳው ዛፍ ከሸፈነው ወይም ማታ መብራት ከሌለው ነገሩ ይለያል፤ ሳይቀይሩት ሄዳችሁ ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ ቀን ቁጠሩ። መስታወቱ ላይ ወረቀት ሳይለጠፍ መኪናዋ በካሜራ ብቻ ከተያዘች፣ ደብዳቤው ካቆማችሁበት ማግስት ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ከዘገየ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሕግ ሊጠይቁ የሚችሉት የነዳውን ሰው ብቻ ነው፤ መኪናዋ በስሙ የተመዘገበችውን አይደለም። ማን እንደነዳ ለኩባንያው የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ብዙ ሰው ግን «ሳቆም ሰሌዳ አላየሁም» ብሎ ይጽፍና፣ የነዳው እሱ መሆኑን አምኖ፣ ይህን መከላከያ በገዛ እጁ ያጠፋዋል። «መኪናዋ በስሜ ተመዝግባለች፤ ሹፌሩ ሰሌዳ አላየም» በሉ።

ከግላስጎው፦ ይህ የ2012 ሕግ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው። ስኮትላንድ ያላችሁ በእሱ አትከራከሩ።

ከሊድስ፦ ተከራክሮ የተሸነፈ 100 ይከፍላል። ለቤተሰብ አስተዳዳሪ 40 ፓውንድ ቀላል አይደለም።

ከለንደን፦ በመጀመሪያው 14 ቀን ለራሱ ለኩባንያው ካመለከታችሁ፣ ውድቅ ቢያደርገውም ቅናሹን እንደገና ይሰጣችኋል። ቅናሹ የሚቀረው ከኩባንያው ውጭ ወዳለው ይግባኝ ሰሚ፣ ወደ ፖፕላ (POPLA)፣ ስትሄዱ ነው። ፖፕላ ነፃ ነው፣ ውሳኔው ኩባንያውን ያስገድዳል፣ እናንተን ግን አያስገድድም። አንዳንድ ኩባንያዎች የሌላ የፓርኪንግ ማኅበር አባል ስለሆኑ ይግባኛቸው ወደዚያ ማኅበር ይግባኝ ሰሚ፣ ወደ አይኤኤስ (IAS)፣ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል።

ከማንችስተር፦ ካሜራውንም አትመኑ። ጠዋት ገብታ የወጣች፣ ማታ የተመለሰች መኪና የመሃሉ መውጫና መግቢያ ካልተነበበ ቀኑን ሙሉ እንደቆመች ትቆጠራለች። የሌላ ቦታ ደረሰኝ ወይም የስልካችሁ የጉዞ ታሪክ ይህን ያፈርሰዋል። የከፈላችሁበት ጊዜ ካለቀ በኋላም 10 ደቂቃ ይፈቀዳል።

ከሁሉ የከፋው ዝም ማለት ነው። 70 ፓውንድ ጨምረው የሚጽፉት ዕዳ ሰብሳቢዎች ቤት ገብተው ንብረት መውሰድ አይችሉም፤ የፍርድ ቤት ክስ ሲመጣ ግን በ14 ቀን ውስጥ ክሱ እንደደረሳችሁ አሳውቁ፣ መከላከያ ለማቅረብ 28 ቀን ይሆንላችኋል። ቤት የቀየራችሁ ደግሞ የመኪናዋ መመዝገቢያ ሰነድ (ሎግቡክ) ላይ አድራሻችሁን ቀይሩ። ክሱ አሮጌው ቤት ይደርስና በሌላችሁበት ይፈረዳል፤ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለም ለ6 ዓመት በክሬዲት መዝገባችሁ ላይ ይቆያል። ቤት መግዣ ብድር ስትጠይቁ ነው የምታውቁት።