ሚዛኑን የጠበቀ የፊዚክስ ማጠቃለያ ፈተና እንዴት ይታቀዳል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼ 40 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት የፊዚክስ ማጠቃለያ ፈተና አዘጋጅቼ ለክፍል ተጠሪዬ ባቀርብም ተመላሽ ተደርጎብኛል። ምክንያቱ ሲነገረኝ የምከራከርበት አልነበረም፤ ከ40ው ጥያቄ 23ቱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ የወጡ ሲሆን፣ አብዛኞቹም ትርጉምና ቀመር ከማስታወስ አያልፉም። ያስተማርኳቸው ምዕራፎች አራት ናቸው፤ እንቅስቃሴ 12፣ ኃይል 9፣ ሥራና ኢነርጂ 6፣ ቀላል ማሽኖች 3 ክፍለ ጊዜ ወስደዋል። ለየምዕራፉ ስንት ጥያቄ እንደሚደርስ፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ ማስታወስን፣ ስንቱ ማሰብን እንደሚጠይቅ በምን ልወስን?

የመጀመሪያው መልስ፦
መምህር፣ ችግሩ የመጣው ጥያቄዎቹን ከቢጋሩ (ከፈተናው ዕቅድ ሠንጠረዥ) አስቀድመው ስለጻፉ ይመስለኛል። ብዕር ያነሳ መምህር ቶሎ የሚመጣለትን ይጽፋል፣ ቶሎ የሚመጣው ደግሞ ትርጉም ነው። በመጀመሪያ ባዶ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ምዕራፎቹን ወደ ታች፣ የማሰብ ደረጃዎቹን ወደ ጎን ያስቀምጡ። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የማሰብ ደረጃዎችን የሚለየው የብሉም ምደባ ስድስት ደረጃዎች ቢኖሩትም፣ ለክፍል ፈተና ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበርና መተንተን የሚሉት አራቱ ይበቃሉ።

የምዕራፎቹን ድርሻ ክፍለ ጊዜው ይወስንልዎታል። ጠቅላላው 30 ስለሆነ፣ እንቅስቃሴ 12 ለ30 ሲካፈልና በ40 ሲባዛ 16 ጥያቄ ይደርሰዋል፤ በዚሁ ስሌት ኃይል 12፣ ሥራና ኢነርጂ 8፣ ቀላል ማሽኖች 4 ያገኛሉ። ለደረጃዎቹ ለምሳሌ 30፣ 30፣ 25 እና 15 በመቶ ቢመድቡ፣ በቅደም ተከተላቸው 12፣ 12፣ 10 እና 6 ጥያቄዎች ይሆናሉ።

ሳጥኖቹን ሲሞሉ ግን አንድ እንቅፋት ይገጥምዎታል። የኃይል 12 ጥያቄዎች በየደረጃው በመቶኛ ሲባዙ፣ በማስታወስ 3.6፣ በመረዳት 3.6፣ በመተግበር 3፣ በመተንተን 1.8 ሲመጣ፣ ሁሉንም ወደ ሙሉ ቁጥር ካጠጋጉ 4፣ 4፣ 3፣ 2 ይሆንና ድምሩ 13 ይደርሳል። ሥራና ኢነርጂ በተቃራኒው 2፣ 2፣ 2፣ 1 ሆኖ በ7 ይቀራል። ከኃይል የመረዳት ሳጥን አንድ ጥያቄ አንስተው ለሥራና ኢነርጂ የመረዳት ሳጥን ቢሰጡ፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም ድምሩ ይገጥማል።

ሁለተኛው መልስ፦
ከላይ በተሰጠው ስሌት እስማማለሁ፤ ሆኖም ክፍለ ጊዜን ብቻውን መለኪያ ማድረግ አደገኛ ነው። አንድ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ዓላማዎቹ ስለበዙ ሳይሆን ተማሪዎቹ ስላልገባቸው ወይም መምህሩ ስለወደደው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ራሴ በምወደው ምዕራፍ ላይ ሳላውቀው እዘገያለሁ። ስለዚህ በሥርዓተ ትምህርቱ ለምዕራፉ የተዘረዘሩትን ዓላማዎች ቆጥረው ከክፍለ ጊዜው ጋር ያነጻጽሩ፤ ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ወደ ዓላማዎቹ ያዘንብሉ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን ሠርቼዋለሁ፤ አሁን ያስቸገረኝ አንድ ጥያቄ ማስታወስ ነው ወይስ መረዳት የሚለው ነው። «ግለጽ» የሚለውን ወደ ማስታወስ፣ «አብራራ» የሚለውን ወደ መረዳት ብመድብ ያስኬዳል?

ሦስተኛው መልስ፦
አያስኬድም፤ ደረጃውን የሚወስነው ግሡ ሳይሆን ተማሪው በክፍል ውስጥ ያገኘው ነው። «ለምን» ተብሎ የተጠየቀውን ምክንያት ከነቃሉ አስጽፈውት ከሆነ፣ ጥያቄው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢመስል ማስታወስ ነው።

በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ምድር መጽሐፉን ወደ ታች ለምትስብበት ኃይል በኒውተን ሦስተኛ ሕግ (ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ ጥንድ ኃይል አለ በሚለው) ጥንዱ የትኛው ነው? ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ጠረጴዛው መጽሐፉን ወደ ላይ የሚደግፍበትን ኃይል ይመርጣል፤ ትክክለኛው መልስ ግን መጽሐፉ ምድርን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ነው፣ ጥንዶቹ ምንጊዜም በሁለቱ አካላት መካከል ብቻ ናቸውና። ምሳሌው በክፍል ካልተሠራ ይህ እውነተኛ የመረዳት ጥያቄ ነው፤ አሳሳች አማራጩም ከተማሪዎች የተለመደ ስህተት የተወሰደ ስለሆነ ሥራውን ይሠራል።

በስሌት ጥያቄም እንዲሁ ነው። ፍጥነቱ በ5 ሴኮንድ ከ10 ወደ 20 ሜትር በሴኮንድ ያደገን መኪና ፍጥንጥነት ማስላት፣ ቁጥሩ ብቻ ተለውጦ በተደጋጋሚ ከተሠራ ከልማድ አያልፍም። መኪናው ከዚያ በኋላ በቋሚ ፍጥነት የተጓዘበትን ክፍል የጨመረ እንቅስቃሴ በፍጥነትና ጊዜ ግራፍ ቀርቦ፣ ፍጥንጥነቱ ዜሮ የሆነበት ክፍል የትኛው እንደሆነና በዚያ ክፍል የተጓዘው ርቀት ስንት እንደሆነ ቢጠየቅ ግን ተማሪው ግራፉን ማንበብ አለበት።

አራተኛው መልስ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ቤተ ሙከራ ውስጥ መሣሪያ መያዝና መለካት በምርጫ ጥያቄ ስለማይመዘን፣ በቢጋሩ ውስጥ ቦታ አይፈልጉለት፤ በተግባር ምዘና ለብቻው ይያዝ።

ሁለተኛው፣ ፈተናው ከታረመ በኋላ የየጥያቄውን ውጤት ማየት ነው። ለምሳሌ ተማሪዎቹ 60 ቢሆኑ፣ በጠቅላላ ውጤት ከላይ 27 በመቶውን፣ ማለትም 16 ተማሪዎችን፣ ከታችም እንዲሁ 16 ይውሰዱ። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 12፣ ከታችኞቹ 4 ከመለሱት፣ ልዩነቱ 8 ለ16 ሲካፈል ጥያቄው ጎበዙን ከደካማው የመለየት አቅሙ 0.5 ነው፤ ይህ በጣም ጥሩ ነው። ከ0.2 በታች የወረደውን ጥያቄ ያሻሽሉት። ከዜሮ በታች ከሆነ ደካሞቹ ከጎበዞቹ ይልቅ መልሰውታል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲያጋጥምዎ ጥያቄውን ከመጣልዎ በፊት የመልስ ቁልፉን ይመልከቱ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ስህተቱን ያገኘሁት እዚያው ቁልፉ ላይ ነበር።