አዲስ ሄድፎን ሲቆይ ድምፁ ይሻሻላል? አሮጌውስ ለምን ይደክማል?

ቃል በቃል (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እያዳመጥኩ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ስለሆነ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አለ። ባለፈው ሳምንት ጆሮ የሚሸፍን ትልቅ ሄድፎን ገዛሁ። ድምፁ ታፈነብኝ፤ ሰውዬው «ሳቀ» ይበል «ፋቀ» አይለይልኝም። ለሻጩ ስደውልለት «አዲስ ስለሆነ ነው፤ 40 ሰዓት አጫውቺው፣ ይከፈታል» አለኝ። እቀይርልሻለሁ ያለኝ ግን እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ባለ ገመድ ኢርፎን ግራው እየሳሳ መጥቷል። እውነት ማዳመጫ በአገልግሎት ብዛት ድምፁ ይለወጣል?

ብረት ምጣድ
እህቴ፣ ስልክ ጥገና ላይ ነው የምሠራው፤ ከአሮጌው ልጀምር። «ግራው ሞተ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ ብዙው የታፈነው በኩክ ነው። መጀመሪያ ግራና ቀኙን አቀያይረሽ ጆሮሽ ላይ አድርጊው። ድክመቱ ወደ ቀኝ ጆሮሽ ከዞረ ጥፋቱ የኢርፎኑ ነው፤ ግራ ጆሮሽ ላይ ከቀረ ጆሮሽን ታዪ።

የኢርፎኑ ከሆነ ጎማውን አውልቂና በስልክሽ መብራት መረቡን እዪው። ቀዳዳዎቹ በቡናማ ነገር ከተደፈኑ፣ መረቡን ወደ መሬት ደፍተሽ በደረቅና ለስላሳ የልጅ ጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልሽ ጥረጊ። ወደ ላይ አዙረሽ ከጠረግሽው ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ይገባል። መርፌ በፍጹም እንዳይነካው፤ ከመረቡ ኋላ ያለችው ስስ ሽፋን ከተበሳች አለቀላት። ጎማውን ለብቻው በሳሙና እጠቢው፤ ሳይደርቅ ግን አትመልሺው።

ባለ ሚክሰር
ስለ 40 ሰዓቱ እኔ ልበል፤ ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ዓመት በሄድፎን ሠርቻለሁ። ድምፅ የምታወጣው ሽፋን ዙሪያዋ የሚተጣጠፍ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ በጥቂቱ ልትላላ ትችላለች። ይህ ግን ሄድፎኑን ራስሽ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስትገፊው ከሚመጣው ለውጥ ያንሳል። የታፈነን ድምፅ አይከፍትም።

በደንብ የሚለወጠው ጆሮ ዙሪያ የሚያርፈው ስፖንጅ ነው። በሙቀትና በላብ ይለሰልሳል፣ ይጨፈለቃል፣ ድምፅ ማውጫው ወደ ጆሮ ይቀርባል። የስፖንጁ ቆዳ ተሰነጣጥቆ አየር ማስወጣት ሲጀምር ደግሞ ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ይጠፋል። መነጽር ካደረግሽ በእጀታው በኩል የምትቀረዋ ክፍተት ብቻዋን ባሱን ታሳሳዋለች። ስለዚህ አሮጌ ሄድፎን ከመጣልሽ በፊት ስፖንጁን ቀይሪ።

የማለዳ ጤዛ
እኔ ግን አልስማማም። የእኔ ሲገዛ ይጮህ ነበር፣ ከወር በኋላ በጣም ለስልሷል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ባለ ሚክሰር
ወንድሜ፣ መስማትህን አልክድም። ግን ቡና የሚቆላበት ቤት የቆየ ሰው ጭሱ አይሸተውም፤ ጆሮም እንዲሁ ይለምዳል። ማረጋገጥ ከፈለግህ አንድ ቅጂ ምረጥ። እኔ የምጠቀመው የበገና ነው፤ ከወፍራሙ አውታር ጋር አብሮ የሚወጣው «ዝዝ» የሚለው ንዝረት ባሱንም ጥራቱንም አንድ ላይ ያሳይሃል። ያንኑ ቦታ ባልተነካ ተመሳሳይ ሄድፎንና በአንተው፣ እኩል አስጩኸህ አነጻጽር። በትንሹ የበለጠ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና እኩል መሆናቸውን አጥብቀህ ያዝ።

ሰማያዊ ጃኖ
ጠያቂዋ፣ አዲሱ በብሉቱዝ ነው? ከላፕቶፕ ጋር? «ሳቀ» እና «ፋቀ» መለየት አለመቻል የስልክ ድምፅ ጠባይ ነው። ማይክ የሚጠቀም ፕሮግራም ክፍት ከሆነ ብዙ የብሉቱዝ ሄድፎን ወደ ጥሪ ሁነታ ይወርዳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይቆረጣል፣ ግራና ቀኙም አንድ ይሆናል። የድምፅ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ ማይኩን ወደ ላፕቶፑ ማይክ ቀይሪና ስሚው። በገመድም ሞክሪው።

ነርስ ዘውዲቱ ሰፈር
ውዴ፣ በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ማለት ነው፣ ጆሮሽም ይታሰብበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው መጠን 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 83 ላይ 20 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ጮክ ያለ ነገር ስታዳምጪ ከዋልሽ ማታ ሁሉም ነገር የታፈነ ሊመስልሽ ይችላል፤ ስለዚህ ፍተሻውን ጠዋት፣ ሥራ ሳትጀምሪ አድርጊው። ድክመቱ ጆሮሽ ላይ ከቀረ ጥጥ እንዳትከቺ፣ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሐኪም ይየው። በድንገት የመጣ ከሆነማ በዚያው ቀን ሂጂ።

ቃል በቃል (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አቀያይሬ ሳዳምጥ ድክመቱ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ዞረ። መረቡን በመብራት ሳየው ግማሹ ተደፍኗል! ብረት ምጣድ እንዳልከው ደፍቼ ጠረግሁት፤ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ረገፈ፣ ግራውም ተመለሰ።

አዲሱም በብሉቱዝ ነው፣ የስብሰባ ፕሮግራም ከኋላ ክፍት ነበር። ስዘጋው «ሳቀ» በግልጽ «ሳቀ» ሆነ። ባሱ ግን በገመድም ቢሆን አሁንም ይጫነኛል፤ 40 ሰዓቱን አልጠብቅም፣ ሐሙስ ወስጄ አስቀይረዋለሁ።