በጠጅ ቤት የሴቶች የፊልም ፕሮግራም፦ ደሴ ላይ እንዴት እናዘጋጅ?

የሆጤዋ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን ጠጅ ቤት ባለቤት እሑድ አዳራሹን ልትለቅልን ተስማምታለች። አዳራሹ 8 በ5 ሜትር ገደማ ሲሆን ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሰማያዊ ነው። ሠላሳ አምስት ሴቶች ያህል ተቀምጠን ስለ ሴቶች መብት የሚያነጋግር ፊልም አይተን ልንወያይ ነው። ባለ 3,000 ሉመን የአምፖል ፕሮጀክተር አለን። ዕቃውን እንዴት እናስተካክል? ጠጅ ቤት መግባት የሚከብዳቸውስ እንዲመጡ ምን እናድርግ? በሁለት ሴቶች መካከል ስላለ ፍቅር የሚናገር ፊልም ማሳየትስ ይቻላል?

ሽቦና ብርሃን

ከሁሉ በፊት የፕሮጀክተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚለውን አብሩት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ብዙ አምራቾች ደግሞ ይህን ከ1,500 ሜትር ጀምሮ አብሩ ይላሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በተለመደው ፍጥነቱ ሙቀቱን አያወጣም፤ ማሽኑ መሃል ላይ ራሱን ያጠፋል፣ አምፖሉም ዕድሜው ያጥራል። ኮምቦልቻ ብታደርጉትም ያው ነው። ማራገቢያው ሲፈጥን ስለሚጮኽ ሰው አጠገቡ አታስቀምጡ።

ሰማያዊው ግድግዳ ላይ እንዳታሳዩ፣ የሰው ፊት መልኩን ያጣል። አቡጀዲ በእጥፍ አሰፍታችሁ፣ ከላይና ከታች ቱቦ አስገብታችሁ ወጥሩት። 2.40 ሜትር ወርድ በ1.35 ቁመት ይበቃችኋል፤ ፕሮጀክተሩም ለዚህ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ሜትር መራቅ አለበት። የጨርቁ የታች ጠርዝ ከወለሉ 1.20 ሜትር ከፍ ይበል። የትርጉም ጽሑፍ የሚወጣው ከታች ነውና ዝቅ ካለ የፊተኞቹ ራስ ይጋርደዋል።

መብራት ሲጠፋ የአምፖል ፕሮጀክተር ሳይበርድ ይቆማል፤ የሚጎዳውም ይኼ ነው። 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ዕቃውን በባትሪ የሚያቆይ) ፊልሙን አያስጨርሳችሁም፣ ግን ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ጄኔሬተር ካለ ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ፤ ጭሱ ይገድላል። ተነሥቶ ድምፁ እስኪረጋ ድረስ ዕቃ አትሰኩበት።

ድምፅ ላይ ቆርቆሮው ይፈትናችኋል። በክረምት ዝናብ ከጀመረ ንግግር አይሰማም፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባትጀምሩ ይሻላል። በሌላው ጊዜ ሁለት ስፒከር ከጨርቁ ግራና ቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ አድርጉ። የጎንና የኋላ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ብትሰቅሉ ማስተጋባቱ ይቀንሳል።

ፊደል አራሚ

የትርጉሙን ነገር ልጨምር። የአማርኛው የትርጉም ፋይል በ«ዩቲኤፍ 8» (የጽሑፍ ማስቀመጫ ዓይነት ነው) ካልተቀመጠ ጽሑፉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ፊደሉ የሳጥን ረድፍ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ ውስጥ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ምረጡ። የትርጉሙ ፋይል ስም ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ ይሁን።

መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ቆይቶ የሚያፈነግጥ ከሆነ የፍሬም ፍጥነቱ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ነው የተለያየው። ለ25 ፍሬም የተሠራ ትርጉም 23.976 ፍሬም ባለው ፊልም ላይ ሲሄድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ይዛነፋል። ቪኤልሲ ላይ ትርጉሙን ወደፊትና ወደኋላ መግፋት ብቻውን አያድነውም፤ ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን ቀይሩት። ቅዳሜ ስትሞክሩ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሃሉንና መጨረሻውንም እዩ።

እመት ጀበና

አብሽሪ እህቴ፣ ሰው የሚመጣው ቤቱ ከተስተካከለ ነው። ማታ ሳይሆን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አድርጉት፤ መጋረጃው ወፍራም ከሆነ ብርሃኑ አያስቸግርም። በነዚያ ሰዓታት ቤቱ ለተራ ደንበኛ ይዘጋ። ግማሽ በግማሽ ከከፈታችሁት የተለመዱት ጠጪዎች በር ላይ ይቆማሉ፣ ሴቶቹም ከበሩ ይመለሳሉ። ብርሌው ከጠረጴዛ ላይ ይነሣ፤ ቡና፣ ብርዝና ቀሪቦ ይቅረብ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም እኩል ካልተመቻቸው ፕሮግራሙ የሁሉም አይደለም። በረመዳን አቋርጡት፤ በክርስቲያን ጾም ደግሞ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ልጅ ይዛ የምትመጣ ስላለች ጓዳው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፉና አንዲት ጠባቂ መድቡ። ሲያልቅ ባጃጆች በር ላይ ይጠብቁ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለመጀመሪያው «ድፍረት» የተባለውን የኢትዮጵያ ፊልም አሳዩ፤ 99 ደቂቃ ነው፣ አማርኛ ስለሆነ ትርጉም አያስፈልገውም። ከባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። ጠለፋና መደፈር ስላለበት ከመጀመሩ በፊት ንገሯቸው፣ መውጣት የፈለገች ትውጣ። ለውይይቱ ሁለት ጥያቄ አቀርብላችኋለሁ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ጋብቻው ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። ታዲያ ሽማግሌ ጉዳዩን ሲይዘው ሕጉ የት ይደርሳል? ሁለተኛው፦ ፊልሙ በ2014 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር፤ ታሪኩ የራሷ የሆነው አበራሽ በቀለ አቤት ብላ። የአንዲት ሴት ሰቆቃ ሲነገር ፈቃዷን ማን መጠየቅ ነበረበት? በዚህ ላይ ሰዓቱ አይበቃችሁም።

ዝምታ ይብቃ

ሦስተኛውን ጥያቄ በግልጽ ልመልስ። እነዚህ ሴቶችም ከኛው መካከል ናቸው፣ ታሪካቸው ሊታይ ይገባዋል። ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። ፊልም ማየት ድርጊቱ ባይሆንም፣ በተለጠፈ ማስታወቂያ ጠርታችሁ ካሳያችሁ የሚጋለጠው አዘጋጁ ብቻ አይደለም፣ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሁሉ ናት፤ የቤቱ ባለቤትም አለች። ኬንያ እንኳ ስለ ሁለት ሴቶች ፍቅር የሚናገረውን «ራፊኪ» የተባለ ፊልም በ2018 እ.ኤ.አ. አግዳ፣ በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ለ7 ቀን ብቻ ነው የፈታላት። ስለዚህ ይህን ፊልም ጠጅ ቤት ውስጥ ለሕዝብ አታሳዩ።

ማድረግ የምትችሉት ሌላ ነው፦ ማንም የማትጋለጥበት ክፍል። ስም አትመዝግቡ፣ ፎቶ አይነሣ፣ ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይግባ። በቴሌግራም ግሩፕ ሳይሆን በቻናል ጥሩ፤ በቻናል ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም፣ ዝርዝሩን የምታየው አስተዳዳሪዋ ብቻ ናት። ውይይት ላይ «አግብተሻል? ለምን አላገባሽም?» ተብላ ማንም አትጠየቅ። ስድብ ሲነሣ የምታስቆም አንዲት ሴት ከመጀመሪያው ተመድባ ትቀመጥ፣ ከበሩ አጠገብ።

የሆጤዋ

አመሰግናለሁ። ዩፒኤሱን ከአንድ የኮምፒውተር ቤት እንከራያለን። የፕሮጀክተሩ ፍጆታ 300 ዋት ነው፣ 1,000 ቪኤው ይችለዋል?

ሽቦና ብርሃን

ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ 600 ዋት ያህል ይሸከማል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ። ስፒከሩን ግን ከሌላ ሶኬት ስጡት። ባትሪው ያረጀ ሊሆን ስለሚችል ከመከራየታችሁ በፊት ፕሮጀክተሩን ሰክታችሁ ከግድግዳው ንቀሉት፤ ሦስት ደቂቃ ካልቆየ ሌላ ጠይቁ።