ቦሎቄ አዲስ አበባ ላይ ለምን አልበስል አለኝ?

የሳሪሷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ ስሠራ ቦሎቄ በአንድ ሰዓት ተኩል ይበስልልኝ ነበር። እዚህ ከተመለስኩ ወዲህ ግን እሳቱን የቱንም ያህል ባነደው ከሁለት ሰዓት በላይ ይንተከተካል። ቆዳው ይላጣል፣ መሃሉ ግን ጥሬ ነው። ጋዜን ጨረሰው። ውሃው ነው ወይስ ቦሎቄው? የምታውቁ እባካችሁ።

የፊዚክስ መምህር፦ እህቴ፣ ዋናው ምክንያት ከፍታው ነው። ዱባይ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፤ ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ውሃውን የሚጫነው ግፊት ያንሳል፤ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ ወዲያ እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ አንዴ ከፈላ እሳቱን ቀንሺ፣ ድስቱን ክደኚው። የሚበስልበት ጊዜ ያው ነው፣ ጋዙ ግን ይተርፍሻል።

የሳሪሷ፦ ጨው ብጨምርበትስ? ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የፊዚክስ መምህር፦ ያደርጋል፣ ግን በአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ጨው ጨምረሽ የምታገኚው 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ያን የሚበላው የለም።

ባለ ምግብ ቤት፦ ፕሬዠር ድስት ግዢና ተገላገይ። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። የተዘፈዘፈ ቦሎቄ እኛ ጋ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ድስቱ ግን ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ፤ የጥራጥሬ አረፋ ማስተንፈሻውን ይደፍነዋል። እንፋሎቱ ጨርሶ ሳይወጣም ክዳኑን እንዳትነኪው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ እኛ ጋማ ይብሳል! 2,800 ሜትር ላይ ነን፣ ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፕሬዠር እስክትገዢ ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ውሃውን ድፊና በአዲስ ውሃ ጣጂው። ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ያለሰልሰዋል፤ ከበዛ ግን ጣዕሙን ያበላሻል። ቲማቲምና ሎሚ ከበሰለ በኋላ ይግባ፤ አሲድ ያለበት ነገር እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ደግሞ መጋዘን የከረመ ቦሎቄ በቀላሉ አይበስልም። ስትገዢ የዘንድሮ መሆኑን ጠይቂ።

የፊዚክስ መምህር፦ አንድ ልጨምር። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ጥሬነት እያለው እንዳትበሉት። ሌክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ያስመልሳል፣ ሆድ ያውካል። በደንብ ሲፈላ ነው የሚጠፋው።

የሳሪሷ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአራት ሰው ስንት ሊትር ፕሬዠር ይበቃኛል?

ባለ ምግብ ቤት፦ 5 ሊትሩ ይበቃሻል። የክዳኑ ጎማ መለዋወጫ እንዳለው አይተሽ ግዢ።