ከተነሡ በኋላ ጎማው አልታጠፍ ቢል ለምን ወዲያው ተመልሰው አያርፉም?

ገረመኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ቦይንግ 737-800 ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ጎማው ሲታጠፍ ሁለቱ መብራቶች ጠፍተው የግራው ቀይ እንደበራ ቀረ እንበል። ማኮብኮቢያው ከኋላቸው እያለ ለምን ሰዓት ሙሉ ሰማይ ላይ ይዞራሉ? ነዳጁንስ ለምን አያፈሱትም? ደግሞስ እስኪገባ ድረስ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መሞከር አይሻልም? አሠራሩን የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ቀኝ_ወንበር፦
ቀዩ መብራት «ጎማው ተበላሽቷል» አይልም። የሚለው ማንሻው (አብራሪው ጎማውን ለማጠፍና ለማውረድ የሚይዘው እጀታ) ሌላ ቦታ፣ ጎማው ሌላ ቦታ ናቸው ነው። ጎማው ግማሽ መንገድ ላይ ይሁን፣ ታጥፎ ሳይቆለፍ ቀርቶ ይሁን ወይስ ሴንሰሩ ዋሽቶ ይሁን ከመብራቱ ብቻ አይታወቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ማንም ምንም አይነካካም። አንዱ አብራሪ አውሮፕላኑን ያበርራል፤ ሌላው መብራቱን አይቶ ይናገራል፤ በቃ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ በሰሜን በኩል እንጦጦ አለ። ጎማው ተንጠልጥሎ አንድ ሞተር ቢጠፋ ሽቅብ መውጣቱ በጣም ይከብዳል። ቼክሊስት (የችግር ጊዜ መመሪያው) የሚከፈተው ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ተሰብስቦ፣ አስተማማኝ ከፍታ ተይዞ፣ ለአፕሮች (በኤርፖርቱ ዙሪያ ያለውን በረራ ለሚመራው ተቆጣጣሪ) ተነግሮ መዞሪያ ቦታ ከተሰጠ በኋላ ነው። ፍጥነቱም ገደብ አለው፦ ለማጠፍ እስከ 235 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ)፣ ለማውረድ እስከ 270፣ ወርዶ ከተቆለፈ በኋላ እስከ 320።

ቀጥሎ ማንሻው ወደ ታች ይደረጋል። ሦስት አረንጓዴ ከበራ ችግሩ አለቀ ማለት ነው፤ ጎማው እንደወረደ ይተዋል፣ ተመልሰው ያርፋሉ። «እስኪገባ ደጋግሞ መሞከር» ላልከው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ወርዶ የተቆለፈን ጎማ እንደገና ያጠፈ ሰው ደህና የነበረውን ነገር በገዛ እጁ ያጣል። ሃይድሮሊክ (ጎማውን በግፊት የሚያንቀሳቅሰው ዘይት) እየፈሰሰ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ዘይት ያስወጣል።

አንዱ አረንጓዴ ካልበራ ጣሪያው ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ሁለተኛ የአረንጓዴ መብራቶች ስብስብ አለ። ከሁለቱ ስብስቦች በአንዱ ላይ አረንጓዴ ከታየ ያ ጎማ ተቆልፏል። በአንድ አምፖል ምክንያት ተሳፋሪ ማስደንገጥ አያስፈልግም።

በሁለቱም ላይ ካልበራ በእጅ ይወርዳል። ከረዳት አብራሪው ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ትንሽ ክዳን አለች። ሥሯ ሦስት እጀታዎች አሉ፤ ለግራ፣ ለፊትና ለቀኝ ጎማ አንድ አንድ። እያንዳንዱ እስከ መጨረሻው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ይሳባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገመዱ ጠጠር ሲልበት «ደረሰ» ብሎ መሃል ላይ መልቀቁ ነው። በደንብ ከተሳበ ጎማውን ያንጠለጠለው መንጠቆ ይለቃል፣ ጎማው በራሱ ክብደት ይወርዳል። የመጨረሻው እጀታ ከተሳበ በኋላ 15 ሰከንድ ጠብቀው ነው ማንሻውን ወደ ታች የሚያደርጉት። ክዳኗ ክፍት እስካለች ድረስ ጎማውን መልሶ ማጠፍ አይቻልም።

ሎድሺት፦
የነዳጁን እኔ ልመልስ። 737 ነዳጅ ማፍሰሻ የለውም። 777 እና 787 አላቸው፤ እነዚህ አነስ ያሉት ግን አቃጥለው ከመጨረስ በቀር አማራጭ የላቸውም።

ለ737-800 ትልቁ የማረፊያ ክብደት 66.3 ቶን ገደማ ነው። 70 ቶን ሆኖ ከተነሣ ወደ 3.7 ቶን መቃጠል አለበት። ጎማ ታጥፎ ሲዞር በሰዓት የሚበላው ከ2 ቶን ትንሽ ይበልጣል፤ ጎማ ተንጠልጥሎ ግን 3 ቶን ያልፋል። እንግዲህ ሰዓት ከሩብ ያህል መሆኑ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ ለቼክሊስቱና ለተሳፋሪ ዝግጅት ይውላል፣ በከንቱ አይሄድም። ጭስ ወይም እሳት ካለ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይቀራል። ከወሰን በላይ ከብዶ ማረፍም ይፈቀዳል፤ በኋላ ቴክኒሻን ይፈትሸዋል እንጂ ክንፍ አይረግፍም።

ቦሌ ላይ ሌላም ነገር አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያው 150 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሮጠው 175 ያህል ነው። የጎማው ላስቲክ ወሰን 195 ኖት ነው። ከብደው በፍጥነት ሲያርፉ የሚተርፋቸው ልዩነት ባሕር ዳርቻ ካለ ኤርፖርት በጣም ያነሰ ነው። ፍሬኑም የዚያኑ ያህል ይግላል።

ገረመኝ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ታወሩ (የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ) አጠገብ ዝቅ ብለው ሲያልፉና ከታች ሰው ሲያይላቸውስ ይረዳል?

ሃንጋር፦
ግማሹን ይረዳል። ከታች የሚያይ ሰው ጎማው መውረዱን ወይም መጣመሙን ይነግርሃል፤ መቆለፉን ግን በዓይን ማወቅ አይቻልም። የአሜሪካው አየር መንገድ የጄትብሉ 292 በረራ (መስከረም 2005 እ.ኤ.አ.፣ ኤርባስ ኤ320) ጥሩ ምሳሌ ነው። ከበርባንክ ተነሥቶ የፊት ጎማው 90 ዲግሪ ዞሮ ቀረ። ሎንግ ቢች ታወር አጠገብ ሲያልፍ መጣመሙ ታየለት። ኤ320ም ነዳጅ አያፈስም፤ ሦስት ሰዓት ያህል ዞሮ ሎስ አንጀለስ አረፈ። ካፒቴኑ አፍንጫውን የቻለውን ያህል አንሥቶ አቆየው፣ ላስቲኩ እየነደደ ተፋቀ፣ ከ146ቱ ሰው አንድም አልተጎዳም።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን የፖላንዱ አየር መንገድ የሎት 16 በረራ ነው፣ ኅዳር 1 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.፣ ቦይንግ 767። ከኒውዋርክ ሲነሣ የመካከለኛው ሃይድሮሊክ ቱቦ ፈነዳ። ውቅያኖሱን አቋርጦ ዋርሶ ሲደርስ ጎማ ለማውረድ የቀረው በኤሌክትሪክ የሚሠራው መጠባበቂያ ብቻ ነበር። እሱም እምቢ አለ፤ በሆዱ አረፈ። 231 ሰው ነበረበት፣ ማንም አልቆሰለም። በኋላ አውሮፕላኑን በክሬን አንሥተው ሲያዩ ከረዳት አብራሪው ወንበር በስተቀኝ፣ ወለሉ አጠገብ ካለው ፓነል ላይ አንዱ ሰርኪውት ብሬከር (የኤሌክትሪክ መስመር ማቋረጫ ቁልፍ) ወጥቶ ተገኘ። መልሰው ሲገፉት ጎማው ወረደ! መጠባበቂያው አልሠራ ሲል ብሬከሮቹን በባትሪ መብራት፣ የታችኛውን ረድፍ ጭምር፣ እያንዳንዱን በጣት እየነኩ ማየት የሚባለው ለዚህ ነው።

737 ላይ የማየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቀላል፦ የቆሸሸ ወይም ክፍተቱ የተዛባ ሴንሰር፣ የተላጠ ሽቦ፣ አንዳንዴም ቀይ ሪባኑ እንደተንጠለጠለ የተረሳ የመቆለፊያ ፒን (መሬት ላይ ጎማው እንዳይታጠፍ የሚሰካው)። ፒኑ ካለ ጎማው ጭራሽ አይነቃነቅም።

ካረፉ በኋላም ጥንቃቄ አለ። መቆለፉ ያጠራጠረ ጎማ ይዘው ወደ መቆሚያ አይነዱም። ማኮብኮቢያው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ቴክኒሻኑ ሦስቱንም ፒን ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው በትራክተር የሚጎተተው።

ገረመኝ፦
ፒኑን የሚያስገባው ሰው ግን ሞተሩ እየሠራ ሥሩ ይገባል?

ሃንጋር፦
ለዋናዎቹ ጎማዎች በፍጹም። በዚያ በኩል ያለው ሞተር መጀመሪያ ይጠፋል፣ ካፒቴኑም በኢንተርፎን «ጠፍቷል» ብሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም አይጠጋም። ፍሬኑ የጋለ ከሆነ ደግሞ ከጎን ሳይሆን ከፊት ወይም ከኋላ ነው የሚቀረበው፤ ጎማው ቢፈነዳ ስብርባሪው የሚወረወረው ወደ ጎን ነው።