ስለ ናና ሚዙኪ የሚቀርበው ምሽት፦ የጋራ ሐሳባችንን እናርቅቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ምሽታችን በጃፓናዊቷ የድምፅ ተዋናይትና ዘፋኝ በናና ሚዙኪ ላይ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ለኮሚቴው የሚገባው ጽሑፍ ግን ገና ነው። የእኔ ሐሳብ በክብረ ወሰኖቿ እንድንጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 «አልቲሜት ዳይመንድ» የተሰኘው አልበሟ የጃፓን የሙዚቃ ሽያጭ ደረጃ በሚወጣበት በኦሪኮን ሳምንታዊ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከእሷ በፊት እዚያ የደረሰች የድምፅ ተዋናይት አልነበረችም። በ2010 በነጠላ ዜማም ደገመችው። በ2011 ደግሞ ቶኪዮ ዶም በተባለው ትልቅ ስታዲየም ሁለት ቀን ዘፈነች።

የፊልም ክፍል፦ በቁጥር ከጀመርን ሰው ስልኩን ያወጣል። «ናሩቶ» የተሰኘውን አኒሜ በጃፓንኛ ያየ ሁሉ እኮ ድምፅዋን ያውቀዋል፤ ሂናታ እሷ ናት። ያቺ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ናሩቶን ባየች ቁጥር ፊቷ የሚቀላው፣ ቃል ከአፏ አልወጣ የሚላት ልጅ። ከሂናታ እንነሳ፣ ወዲያው የመድረክ ዘፈኗን እናስከትል። ሁለቱ ከአንድ ጉሮሮ መውጣታቸውን ሰው በጆሮው ይስማው።

የሙዚቃ ክፍል፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን ያ ጉሮሮ እንዴት እንደተሠራም ይነገር። ናና በ1980 ሺኮኩ ደሴት ላይ፣ ኒሃማ ከተማ ተወለደች። አባቷ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ፤ ልጃቸውን የኤንካ ዘፋኝ ሊያደርጓት ከትንሽነቷ ጀምሮ ያሠለጥኗት ነበር። ኤንካ የናፍቆትና የመለያየት ዘፈን ነው። ድምፁ ይርገበገባል፣ ይሰበራል፣ ይነሳል። በ2000 የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን ስታወጣ መንገዷ ወደ ፖፕ ዞሯል፤ ያ መርገብገብ ግን አብሯት መጣ። እስቲ ረጃጅም ድምፆቿን አዳምጡ።

ደግሞ ለእኛ የሚቀርብ ነገር አለ። ብዙው ኤንካ የሚዘፈንባቸው ባለአምስት ድምፅ ቅኝቶች ከትዝታ ጋር አንድ ናቸው፤ ሜጀሩም ማይነሩም። አንድ ኤንካ አሰምተን በክራር ትዝታ ብናስከትል ማብራሪያ አያስፈልግም። ለዚህ 15 ደቂቃ ስጡኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን የአዳራሹን ኪራይ ከፍለን ለክራር ተጫዋች የሚተርፍ የለንም።

አዲስ አባል፦ ትዝታን እኔ እጫወታለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም። ሲምፎጊርም አይረሳብን። በ2012 የጀመረ አኒሜ ነው፣ ልጆቹ የሚዋጉት እየዘፈኑ ነው። ናና ፁባሳን ሆና ስትዘፍን ገጸ ባሕርይዋን አትለቅም፤ ድምፅዋ እንደ ተዋጊ ይጠነክራል። ትወናዋና ዘፈኗ አንድ ሙያ መሆኑን እንደዚህ የሚያሳይ ሥራዋ የለም ባይ ነኝ።

ሰብሳቢ፦ አሳምናችሁኛል። ክብረ ወሰኖቹ በአንድ አንቀጽ ይለቁ። ከነሱ አንዱን ብቻ ሰፋ እናድርገው፣ ኮሃኩን። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ በጃፓኑ የሕዝብ ጣቢያ በኤንኤችኬ የሚተላለፍ፣ የጃፓን ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው የዘፈን ዝግጅት ነው። ከ2009 ጀምሮ ስድስት ዓመት በተከታታይ ቀረበች። አኒሜ ዓይተው የማያውቁ አያቶች ሳይቀሩ አንዲት የድምፅ ተዋናይት ስትዘፍን አዩ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ሌሎቹ የሙያ ባልደረቦቿ የገቡበትን በር ያሰፋው ይመስለኛል። አባቷ ያረፉት በ2008 ነው፣ ይህን አላዩም። እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንናገር። ከኋላው የሐዘን ሙዚቃ እንዳይደረግ አደራ።

የፊልም ክፍል፦ እንዳልሽ እናደርጋለን። የአማርኛውን ግርጌ ጽሑፍ እኔ እሠራለሁ፤ የሂናታና የፁባሳ ቅንጫቢ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ሂናታ፣ ኒሃማና ኤንካ፣ ክራር፣ ሲምፎጊር፣ በመጨረሻ ኮሃኩ ነው። የእኔን መግቢያ አውጥቼዋለሁ። ረቂቁን ዛሬ ማታ እልካለሁ፤ የሙዚቃ ክፍል የሚመርጠውን ኤንካ እስከ ሐሙስ ያሳውቀኝ፣ ክራሩም በዚያው ድምፅ ይቃኛል።