የኦክቶፐስ ክንድ ሪግ፦ ሲዘረጋ አይቀጥንም፣ ሲጠቀለል ይጨማደዳል

ጥልቅባሕር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር) ኦክቶፐስ እየሠራሁ ነው። ሞዴሉ አልቋል፤ ያስቸገረኝ ሪጉ፣ ማለትም ሞዴሉን የሚያንቀሳቅሰው አጽም ነው። በእያንዳንዱ ክንድ 24 ቦን (የሪጉ አጥንቶች) ደርድሬ ስፕላይን አይኬ ሰጥቻለሁ፣ ማለትም ቦኖቹ አንድ ከርቭ (ጠማማ መስመር) ይከተላሉ፤ ከርቩን 5 ኮንትሮለሮች (በእጅ የሚጎተቱ መያዣዎች) ይዘውታል። ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ያምራል። ስዘረጋው ግን ውፍረቱ ንቅንቅ አይልም፤ ጠበቅ አድርጌ ስጠቀልለው ደግሞ የውስጥ በኩሉ ይጨማደድና መምጠጫዎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባሉ። ቦን ልጨምር?

ፍሬም24፦
አትጨምር ወንድሜ፣ 24 በቂ ነው። የኦክቶፐስ ክንድ አጥንት የለውም፤ እስከ ውስጡ ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደግሞ ቢጨመቅም ይዘቱ አይቀንስም። ስለዚህ ሲረዝም መቅጠን፣ ሲያጥር መወፈር ግዴታው ነው። እጥፍ ቢረዝም ውፍረቱ ከነበረው ወደ 71 በመቶ ይወርዳል እንጂ ግማሽ አይሆንም፤ ግማሽ ካደረግከው ክንዱ ክር ይመስላል። ስፕላይን አይኬው ላይ የዋይ ስኬሉን (የርዝመቱን) ‹ፊት ከርቭ›፣ የኤክስ ዜድ ስኬሉን (የውፍረቱን) ‹ቮልዩም ፕሪዘርቬሽን› አድርገው። አርማቸር ሞዲፋየሩ (ሞዴሉን ከቦኖቹ ጋር የሚያያይዘው) ላይ ያለው ‹ፕሪዘርቭ ቮልዩም› ሌላ ነገር ነው፤ ሜሹ (የሞዴሉ ገጽ) ሲጠማዘዝ እንዳይሟሽሽ ነው እንጂ ለመዘርጋቱ አይረዳህም።

መጨማደዱ የልክ ጉዳይ ነው። የጥቅልሉ ራዲየስ እዚያ ቦታ ካለው የክንዱ ውፍረት ግማሽ ካነሰ የውስጥ ገጹ የግድ እርስ በርሱ ይገባል፤ የፈለግከውን ያህል ዌይት (እያንዳንዱ ቦን ቆዳውን የሚስብበትን መጠን) ብትቀባ አይድንም። ጥብቁን ጥቅልል ለቀጭኑ ጫፍ ተወው፤ ከአርማቸሩ ቀጥሎ ‹ኮሬክቲቭ ስሙዝ› (የተጨማደደውን የሚያለሰልስ ሞዲፋየር) ጨምር። መምጠጫዎቹን ከሜሹ ለይተህ እያንዳንዱን ከ3 ቨርቴክስ (የሜሹ ነጥቦች) ጋር ፓረንት አድርግ፣ ማለትም እንዲከተላቸው እሰረው። ቆዳው ሲለጠጥ ቦታውንና አቅጣጫውን ይከተላሉ፣ እነሱ ግን አይለጠጡም።

ሰማያዊደም፦
ስለ እንቅስቃሴው ልጨምር፣ ሪጉ የሚሠራው ለእሱ ነውና። ኦክቶፐስ አንድ ነገር ለመያዝ ሲዘረጋ ጫፉን አይወረውርም። መታጠፊያው ከሥር ይነሳና ወደ ጫፍ ይጓዛል፤ ያለፈበት ቦታ ቀጥ ይላል፣ ገና ያልደረሰበት ላላ ብሎ ይጎተታል። ምግብ ወደ አፉ ሲመልስ ግን ለጊዜው ክርን ያወጣል። ለዚህ 5 ኮንትሮለር ያንሳል፤ 9 አድርሰውና በኤፍኬ ሰንሰለት (አንዱ ቦን ሲዞር ቀጣዮቹ አብረው የሚዞሩበት) ላይ ስቀላቸው። ከዚያ አንድ ድራይቨር (አንድ ቁጥር ሲቀየር ሌሎችን የሚያንቀሳቅስ ማገናኛ) መታጠፊያውን ከቦን ወደ ቦን ያሻግረው።

ስምንቱንም በአንድ ምት አታንቀሳቅስ፣ እባክህ። ከ500 ሚሊዮን ገደማ ነርቭ ሴሎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ክንዶቹ ውስጥ ነው ያሉት። አንዱ ድንጋይ ሲዳስስ ሌላው ሰውነቱን ሊገፋ ይችላል። ያ ሲታይ ነው ፍጥረቱ ሕይወት የሚዘራው።

ጥልቅባሕር፦
ቮልዩሙ ሠራ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን የቀረኝ፦ ክንዱ ወደ ኋላ ሲታጠፍ መምጠጫዎቹ ወደ ላይ ዞረው ይቀራሉ።

ፍሬም24፦
ስፕላይን አይኬ የከርቩን መስመር ያስይዛል እንጂ ጥምዘዛውን አይቆጣጠርልህም። ቦኑን በዋይ አክሲሱ (በርዝመቱ መስመር) ዙሪያ ብታዞረው ግን ይሠራል፤ ከዚያ ቦን እስከ ጫፉ ያለው አብሮ ይዞራል። ሙሉውን ዙር አንድ ቦን ላይ አትጫን፣ ለ6 ወይም ለ7 ቦን አካፍለው፤ አለዚያ ቆዳው እዚያው ቦታ ላይ ይታነቃል።